በርህን ክፈትና ይሸትሃል

በእኛ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር አንድ ወጣት ጎረቤት አለን። ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ የማንንም ነገር አይነካም። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት የሚልጡ አንዲት እናት አገኘ። ሰላምታ ሰጥቶ ቆም አለና «እማማ፣ ዘንድሮ እኮ በዓሉ በዓል በዓል አይሸትም» አላቸው። እሳቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «በርህን ክፈትና ይሸትሃል» አሉት።

ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ወጣቱም ስቆ ወጣ። ከኋላው ስለነበርሁ ሰምቻለሁ። ያን ምሽት ስለ ሌላ ጉዳይ ልጽፍ የጀመርሁትን ተውሁት። እኒህ እናት በሦስት ቃል የጨረሱት ነገር ለሰፈራችን ሁሉ የሚሆን መልስ ነው።

«በዓሉ አይሸትም» የምትለዋን ቅሬታ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በእንቁጣጣሽ ትጀምራለች፣ በመስቀል ትደገማለች፣ በገና ትበረታለች፣ ፋሲካ ሲደርስ የአገር ዜማ ትሆናለች። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ይላታል፣ ቢሮ ውስጥ አለቃው ይላታል፣ ሬዲዮ ላይ ሰው ደውሎ ይላታል። የሚላት ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ሽታውን ሌላ ሰው እንዲያመጣለት ይጠብቃል። የበዓል ሽታ ግን የእጅ ሥራ ነው። ጠጅ ሳር የሚሸተው አንድ ሰው ገበያ ወርዶ፣ ተሸክሞ መጥቶ ሲጎዘጉዘው ነው። ድፎው የሚሸተው አንዲት ሴት ሌሊት ተነሥታ ሊጡን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ እሳት ላይ ስትጥደው ነው። ቁሌት የሚሸተው አንዱ ዓይኑ እያነባ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ ሌላው ግማሽ ቀን ቆሞ ሲያማስል ነው። አንተ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ወደ በዓሉ አፍንጫህን ብቻ ከላክህ፣ አፍንጫህ ባዶውን ይመለሳል።

ድሮ ለምን ሸተተ? በቀበሌ ቤት ግቢ ያደገ ሰው መልሱን ያውቃል። አምስት ስድስት ቤት አንድ ግቢ ይጋራል፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ማድቤት። በዋዜማው ዕለት በዚያች ማድቤት አምስት ድስት ጎን ለጎን ይጣዳል። አንዷ በርበሬ ሲያንሳት የጎረቤቷ ዕቃ ይከፈታል። አንዷ ወጧን ጥዳ ልጅ ልታጠባ ስትገባ ሌላዋ ታማስልላታለች። ጾሙ ስላልተፈታ እናቶቹ ወጡን አይቀምሱም፤ ጨዉን የሚፈርደው ለመጾም ያልደረሰ ሕፃን ነው። ያ ሕፃን ተጠርቶ አምስቱንም ድስት ይቀምስና ዳኛ ሆኖ ይውላል። ሰፈሩ በዓል በዓል የሸተተው ሰዉ ሀብታም ስለነበረ አይደለም። ወጥ ቤቱ የጋራ ስለነበረ ነው።

ዛሬ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ወጥ ቤት አለው። እሰየው፤ እናቶቻችን ከጭስ ወጥተዋል፣ ወደዚያ ጭስ ተመለሱ የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ እሱ ገብቶ ይታጠን። ድሮ ግን አብረን የምንበላው ግቢው ስላስገደደን ነበር። አሁን የሚያስገድድ የለም፤ ስለዚህ ሰው ፈልጎ፣ አስቦ፣ ተነሥቶ በር ማንኳኳት አለበት። የጎደለው ይህ ብቻ ነው።

ምላስህ ከረረ የሚለኝ ካለ፣ የገና ወር ይፈቅድልኛል። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚባለውን እናውቃለን። ቆልማማውን ዱላ ይዘው ሩሯን ሊያሯሩጡ ሜዳ ሲወጡ፣ ድሮ ሎሌው ጌታውን ይገጥመው፣ ይተርበው ነበር፤ ጌታም ይስቅ ነበር እንጂ አይቆጣም። እኔም የምተርበው አብሬው ልቆርስ የምፈልገውን ሰው ነው፤ የተቀየመ ካለ ማዕዱ ላይ ይንገረኝ።

«ኑሮ ተወደደ» ትላለህ። ተወዷል። ይህን የሚክድ ሰው ዘንቢል ይዞ ገበያ አልወጣም፤ የዶሮ ዋጋ ሲነገረው ሰው የተሳሳተ መስሎት ደግሞ የሚጠይቅበት ጊዜ ነው። ግን ጎረቤቴ፣ ኑሮ ሲወደድ በር መዝጋት ከየት የመጣ ብልሃት ነው? ቅርጫን የፈጠረው ሀብታም መሰለህ? ሀብታም በሬውን ለብቻው ይጥላል። ቅርጫ የተፈጠረው በሬ መግዛት የማይችል ሰው፣ በሬ መግዛት ከማይችል ጎረቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ ሲመክር ነው። አሥራ ሁለት የማይችሉ ሰዎች ሲደመሩ አንድ የሚችል ይሆናሉ።

ሒሳቡን ልሥራልህ። በሬው 120 ሺህ ብር ነው እንበል። ብቻህን ስትቆም ያው 120 ሺህ ነው፤ አይተህ ታልፋለህ። 12 ሆናችሁ ስትቆሙ የአንዱ ድርሻ፣ ማለትም መደቡ፣ 10 ሺህ ይሆናል። እሱም የከበደው ከጎረቤቱ ጋር አንዱን መደብ ለሁለት ይገባና 5 ሺህ ያወጣል። የሚደርሰውም አንድ ዓይነት ሥጋ አይደለም። ከሻኛው ይደርሰዋል፣ ከጎድኑ፣ ከዳቢቱ፣ ከሽንጡ፣ ከታላቁና ከታናሹ፣ ከጉበቱና ከጨጓራው። ከበሬው ሁሉ ለሁሉም ይዳረሳል። ስለዚህ «ኑሮ ተወደደ» የሚለው ቃል ከቅርጫ የመቅሪያ ምክንያት አይደለም፤ የመግቢያ ምክንያት ነው። ርካሽ በነበረ ጊዜ ብትቀር ይገባኝ ነበር።

በኮንዶሚኒየም ያደገ ልጅ ቅርጫን ላያየው ይችላልና ለእሱ ጥቂት ልዘርዝር። ነገሩ የሚጀምረው በደብተር ነው። አንድ የታመነ ሰው ገንዘብ ያዥ ይሆናል፤ ከሳምንታት በፊት በየቤቱ እየዞረ ስም ይጽፋል። ከዚያ ከብት የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ማለዳ ከብት ተራ ይወርዳሉ። አንዱ ጥርሱን ያያል፣ አንዱ ሻኛውን ይዳስሳል፣ አንዱ ከኋላ ቆሞ አረማመዱን ያጠናል፤ ደላላው ይምላል፣ እነሱ ይሄዳሉ፣ ይጠራቸዋል፣ ይመለሳሉ። በሬው ሰፈር ሲገባ ልጆች ይከተሉታል። ሌሊት ሲታረድ ገመድ የሚይዝ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ መብራት የሚያበራ ሰው ያስፈልጋል፤ ሥራ ያልደረሰው አንድም የለም። ንጋት ላይ ኮባ ወይም ሸራ ይነጠፍና መደብ መመደብ ይጀመራል። «ከዚህ አንሣ፣ እዚያ ጨምር፣ ይቺን አጥንት ወዲህ በላት» እየተባለ፣ መደቡ እስኪተካከል ድረስ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም።

ዕጣው የሚጣለው ከዚያ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ የቤቱን ቁልፍ፣ አንዱ ቁራጭ እንጨት፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ። የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ልጅ፣ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያኖራል። ቁልፍህ ያረፈበት መደብ የአንተ ነው። ኢንጂነሩም ዘበኛውም የሚወስዱት ዕጣ የሰጣቸውን ነው፤ ማዕረግ አይጠየቅም፣ መኪና አይቆጠርም። እኩልነት የሚባለውን ነገር በዓይኔ ያየሁት በየትም አዳራሽ አይደለም፣ እዚያ መደብ ላይ ነው።

ተረቡም የሚደምቀው እዚያው ነው። ባለፈው ፋሲካ አንዱ ጎረቤታችን መደቡን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «የእኔ ላይ ምነው አጥንት በዛ?» ብሎ አጉረመረመ። አራጁ ቢላውን እየጠረገ «አጥንት ባይኖረው ኖሮ በምን ቆሞ ሰፈርህ ይደርስ ነበር?» አለው። ሌላው ደግሞ ሌሊቱን ተኝቶ አድሮ፣ ነጋ ሲባል ሰፌድ ይዞ ከሁሉ ፊት ቆመ። ገንዘብ ያዡ አየት አደረገውና «ገመድ ሲያዝ ያጠረ እጅ፣ መደብ ሲነሣ ረዘመ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሰፌድ የያዘውም ሳቀ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ አልተኛም፤ በእንቁጣጣሹ ቅርጫ መብራት ሲያበራ ያደረው እሱ ነበር።

«ከሰው ጋር መጋራት ጣጣ ነው፣ ከሥጋ ቤት በኪሎ ገዝቼ እገላገላለሁ» የሚለኝም አለ። ኪሎውን ግዛ። ከኪሎው ጋር ግን ጎረቤት ተመዝኖ አይሰጥህም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ልጅህ ሲታመም የሥጋ ቤቱን በር አታንኳኳም። የምታንኳኳው ገመዱን አብሮህ የያዘውን ሰው ነው፣ እሱንም ለማንኳኳት መጀመሪያ ስሙን ማወቅ አለብህ።

የደብተሩ ትልቅ ሥራም ይህ ነው። ባለፈው ዓመት የነበረ ስም ዘንድሮ ከጎደለ ገንዘብ ያዡ ያየዋል። ሥራ አጥቶ ይሆን? ታሞ ይሆን? አፍሮ ይሆን? በእኛ ሕንፃ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ፤ የቤቱ አባወራ አርፎ ባለቤቱ ከሦስት ልጆች ጋር ቀረች፣ ስሙም ከደብተሩ ጎደለ። መደቡ ተመድቦ ካለቀ በኋላ ገንዘብ ያዡ ባዶ ሰፌድ ይዞ በዝምታ በየመደቡ ዞረ። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ሙዳ ተነሣ። አሥራ ሦስተኛ መደብ ሆነ። ማንም ንግግር አላደረገም፣ ማንም ፎቶ አላነሣም። ሰፌዱን የወሰደላት ልጅ በሩን አንኳኩቶ «ቅርጫችሁን» ብቻ አላት፤ «ዕርዳታ» አላላትም። ያን ልጅ ማን እንዲህ በል እንዳለው አላውቅም፤ ያለው ሰው ግን የተባረከ ነው።

«ኮንዶሚኒየም ላይ ይህ አይሆንም» ለሚሉም መልሱ ቅርብ ነው፤ በመስኮታቸው ይዩት። በሕንፃዎቹ መካከል ኮሚናል የምንለው ቤት ለምን የቆመ ይመስላቸዋል? ዕርዱ፣ የድግሱ ወጥ፣ እንጀራው፣ ልብስ አጠባው፣ ለቅሶና ሠርጉ እንዲሆንበት ነው። ቤቱን የነደፈው ሰው እንዴት እንደምንኖር አስቦ ነው የሠራው። እኛ ነን የቆለፍንበት። አንዳንድ ቦታ የተሰባበረ ወንበር መጋዘን ሆኗል፣ አንዳንድ ቦታ ለሌላ ሥራ ተከራይቷል። እስኪ በሰፈራችሁ «የኮሚናሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው ከጠፋ፣ የጠፋችሁ በዓል እዚያ ውስጥ ተቆልፎባችኋል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለቅርጫ ወዳዶችም የሚነገር አለ፤ ይህንንም ያለ ምሕረት እናገረዋለሁ። ድሮ በበዓል ማግስት ቆዳ ገዢው በየመንደሩ እየጮኸ ይዞር ነበር፤ ቆዳው ተሸጦ የአራጁንም የሌላውንም ወጪ ይደጉም ነበር። አሁን የቆዳ ዋጋ ወርዶ ገዢው እንደ ልብ አይመጣም። እና ምን እናደርጋለን? ቆዳውን አጥር ሥር፣ ፈርሱን ቦይ ውስጥ። በሬውን በደብተር፣ በዕጣ፣ በሚዛን ተካፍለን፣ ትርፍራፊውን ግን ያለ ዕጣ ለወንዙና ለታችኛው ሰፈር እንሰጣለን። ከታች ያለው ሰው ምን በደለን? ወጥ ሳይደርሰው ግማቱ ለምን ይደርሰዋል? ለአራጅ ገንዘብ ሲዋጣ ለጽዳትም ይዋጣ። ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ቆሻሻ የሚያነሣ ሰው በደብተሩ ላይ ከአራጁ ቀጥሎ ይጻፍ። መደቡ ሲነሣ ቦታው ካልታጠበ ቅርጫው አልተፈጸመም።

በስልክ ስለሚላከው «እንኳን አደረሳችሁ» አጭር ነገር ብቻ አለኝ። ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ መልካም ነው። በግድግዳ ለሚለየኝ ጎረቤቴ ግን በዶሮ ወጥ ፎቶ «መልካም በዓል» ብሎ መላክ፣ እጁ እያለ በምልክት ሰላም እንደ ማለት ነው። የፎቶው ዶሮ አይቆረስም። የቤቴን በር አንኳኳ፣ ሙሉ ቤተሰቤ ይከፍትልሃል።

ልጆቹን ደግሞ ተዋቸው። ነሐሴ በመጣ ቁጥር «የዛሬ ልጆች ሆያ ሆዬን ልመና አደረጉት» የሚል አዋቂ አይጠፋም። አንድ ሰውዬ ይህንኑ በር ላይ ቆሞ ለልጆቹ ሲሰብክ፣ ከመካከላቸው ዱላውን የያዘው ትንሹ «ጋሼ፣ ሙልሙል ከጋገራችሁ ብር አንፈልግም» አለው። ሰውየው ዝም አለ፤ ልጁ እውነቱን ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ነው፤ በዋዜማው ጅራፉ ይጮሃል፣ ችቦው ይበራል፣ እናቶችም ለራሳቸው ልጅ ብቻ ሳይሆን በሩ ላይ ለሚመጣ ልጅ ሁሉ ሙልሙል ይጋግራሉ። ልጆቹ ምድሩን በዱላቸው እየመቱ መምጣታቸውን አላቋረጡም። የተቋረጠው መጋገሩ ነው። ከአዋቂው ወገን የቀረውን ሥርዓት ከልጁ ወገን መጠየቅ ፍርድ አይደለም። በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ብለው ለሚመጡት ሴቶች ልጆችም፣ ሥዕል ሥለው ለሚያድሉት ወንዶች ልጆችም ይኸው ነው። ልጁ ፀሐይና አበባ ሥሎ ሲያመጣልህ ከመቀበልህ በፊት እስቲ እየው፤ ሌሊቱን ሲቀባው አድሯል።

ደግሞ «በዓል እኮ ሃይማኖት ነው፣ ሰፈር ምን አገባው?» የሚል አለ። ሃይማኖቱ የየራሳችን ነው፤ ዕለቱን ግን አብረን እያከበርን ነው ያደግነው። በእኛ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችን በፋሲካ ማለዳ ከሁላችን ቀድመው ቡና ያፈላሉ። የእኛን ሥጋ አይበሉም፣ እኛም የእነሱን አንበላም፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፣ የሚቀየምም ሰው የለም። ስለዚህ ለእሳቸው ድፎው ይቆረሳል፣ ፈንዲሻው ይበተናል። በኢድ ቀን ደግሞ እሳቸው ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ለብቻ በግ ገዝተው «አራጃችሁን አምጡና እረዱ» ይላሉ። ቢላው ሁለት ነው፣ ድስቱ ሁለት ነው፣ ጨዋታው አንድ ነው። አንድ እንግዳ «ለምን ይህን ያህል ትደክማላችሁ?» ሲላቸው፣ «ጎረቤቴ ጾሙን ሲውል የእኔ ኢድ ጾም ይሆንብኛል» አሉት። እንግዳው ዝም ብሎ ፍንጃሉን አነሣ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር ሰው እንደ ውለታ አይቆጥረውም፤ ሁለት ዓይነት ዕርድ የሌለው ሠርግ ሠርግ አይመስለውም።

ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28። ከ29ኙ ገና በኋላ 12 ቀን ቆጥረን ጥምቀት ላይ እንደርሳለን። እዚያ ላይ የማልታገሠው ነገር አለ፤ «የሰፈሩ ወጣት ሥራ ፈት ነው» የሚሉት። ጥር 10 የከተራ ዕለት ውረዱና እዩ። አስፋልቱን በመጥረጊያ የጠረገው ማን ነው? አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ከፖል እስከ ፖል የሰቀለው ማን ነው? ታቦቱ ሲመጣ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ታቦቱ ሲያልፍ ከኋላ ጠቅልሎ፣ ተሸክሞ፣ ከፊት ሮጦ እንደገና ያነጥፋል። ይህን እስከ ጃንሜዳ ድረስ ያደርገዋል። አንድ ዓመት በከተራ አንዱን «አይደክምህም?» አልሁት፤ «ታቦቱ ቆሞ እያየኝ?» አለኝና ምንጣፉን ትከሻው ላይ አድርጎ ሮጠ። ዩኔስኮ መስቀልን በ2006፣ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል። መዝገቡ ውስጥ የገባው የዚህ ልጅ ላብ ጭምር ነው። አንተ ግን ከሰገነትህ ላይ ሆነህ በስልክህ ትቀርጸዋለህ። ስልክህን ኪስህ ክተትና የምንጣፉን አንድ ጫፍ ያዝለት፤ ከባድ ነው።

ለወጣቶቹም በፍቅር የምላት አንዲት ነገር አለችኝ። ድምፅ ማጉያውን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዝቅ አድርጉት። መዝሙሩን እግዚአብሔር በለሆሳስም ይሰማዋል፤ በጩኸቱ የሚነቃው ትናንት ከወለደችው ጎረቤታችን ጋር ያለው ሕፃን ነው። ሰፈር ማለት እሷም ናት።

ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው አዲስ ሰፈር የገቡ ወዳጆች አሉኝ። እነሱ «የእኛ በዓል ከሰፈራችን ጋር ቀረ» ሲሉ መልስ ለመስጠት አልቸኩልም፤ ያጡት ነገር እውነተኛ ነው። አርባ ዓመት የተዋወቀ ሰው በአራት አቅጣጫ ሲበተን ዕድር ይፈርሳል፣ ሰንበቴ ይቀዘቅዛል፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቁ አሮጊቶች ብቻቸውን ይቀራሉ። ለእነሱ የምለው በቀስታ ነው። የድሮ ሰፈራችሁም አንድ ቀን አዲስ ነበር። እናታችሁ ዕቃዋን አውርዳ ማንንም ሳታውቅ የገባችበት ቀን ነበር። ያን ቀን አንዲት ሴት ጀበና ይዛ መጥታ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብላታለች። አሁን ጀበናው እናንተ እጅ ላይ ነው። የድሮዎቹን ጎረቤቶች በበዓል ማግስት አንድ ቤት ሰብስቧቸው፤ የአዲሶቹን በር ደግሞ በዋዜማው አንኳኩ።

አንዲት የሰፈራችን ልጅ ቤይሩት ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። በየበዓሉ ለእናቷ የዶሮና የቅቤ ትልካለች፤ በዓሉ ሲያልፍ ማታ ሥራዋን ጨርሳ ትደውላለች። እናት እንደ ልማዳቸው ዋጋ መዘርዘር ይጀምራሉ፤ ዶሮው ስንት ገባ፣ ሽንኩርቱ ስንት ሆነ፣ ዘይቱስ። ባለፈው ፋሲካ ልጅቷ አቋርጣ «እማዬ፣ ስንት ገባ አትበይኝ፣ ማን ማን መጣ በይኝ» አለቻቸው። እናትየው ከላይ እስከ ታች ሕንፃውን በሙሉ ቆጠሩላት። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበርና ሁላችንም ሰማን፤ ስም በተጠራ ቁጥር «እሺ… እሺ…» ትል ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ «እሱ እንኳ አልመጣም» አሏት። «ማን ጠርቶት?» አለች።

እናቷ ደረጃው ሥር ነጭ ሽንኩርት ሲልጡ ያገኘኋቸው እናት ናቸው። ያን ዕለት ለወጣቱ መልሳቸውን ከሰጡ በኋላ፣ ማታ ራሳቸው ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው በሩን አንኳኩተዋል።

ዘንድሮ በሕንፃችን ቅርጫ የተመዘገብነው 11 ሆነናል፤ አሥራ አንደኛው ስም የእሱ ነው። ደብተሩ አንደኛ ፎቅ፣ ገንዘብ ያዡ ጋ ነው። አንድ መደብ ቀርቷል።